በትሬድሚል ስንት ካሎሪ አቃጠላችሁ? ማሽኑ፣ ሰዓቱና አፑ ለምን አይስማሙም?

 

የዛሬው ጽሑፌ ጂም ገብታችሁ ትሬድሚል ላይ ለምትወጡ፣ እጃችሁ ላይ ስማርት ሰዓት ላሰራችሁ፣ ስልካችሁ ላይ ደግሞ ካሎሪ የሚቆጥር አፕ ለጫናችሁ ነው። ትንሽ ረዘም ይላል፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት። ብዙ ሰው "እየሰራሁ አልቀነስኩም" ብሎ ስፖርቱን የሚተወው በዚህ ምክንያት ስለሆነ ነው።

በቅርቡ አንዲት የ44 ዓመት እናት ለክትትል መጡ። (ታሪኩን የማካፍላችሁ በፈቃዳቸው ነው።) ከሦስት ወር በፊት ምግብ ሳይቀምሱ የተለካው ስኳራቸው 118 ነበር። ይህ ገና የስኳር በሽታ አይባልም፤ ግን ከጤናማው በላይ ነው። ዝም ከተባለ ወደ በሽታው ሊያደርስ ይችላል። መድኃኒት ሳልጀምርላቸው "በሳምንት አምስት ቀን 40 ደቂቃ ፈጠን ብለው ይራመዱ፣ ትንሽ ኪሎም ይቀንሱ" ብዬ ላክኋቸው። እሳቸውም ቃላቸውን ጠበቁ። ጂም ተመዘገቡ፣ ሰዓት ገዙ፣ አፕ ጫኑ።

ሲመለሱ ግን ኪሎአቸው ከ78 ወደ 80 ወጥቷል። ስኳሩ 117፣ ያው ነው ማለት ይቻላል። እንባቸው እየመጣ እንዲህ አሉኝ፦ "ዶክተር፣ በቀን ከ600 ካሎሪ በላይ ነው የማቃጥለው። ይኸው ስልኬ ይመስክር። ታዲያ ለምንድነው የምጨምረው? ታይሮይድ ይኖርብኝ ይሆን? ካልሆነ ጂሙን ልተወው ነው፤ ለኔ አይሰራም።"

ታይሮይዱን ለማረጋገጥ ያህል አዘዝኩ፤ ደህና ነው። ከዚያ ስልካቸውን ተቀብዬ የአንድ ቀን መዝገብ ከፈትኩ። ለዚያች የ40 ደቂቃ እርምጃ ሦስት መስመር ተመዝግቧል፦

• ከማሽኑ አይተው በእጃቸው የጻፉት፦ 280
• ሰዓቱ በራሱ የላከው፦ 245
• ስልኩ ከእርምጃ ብዛት አስልቶ የጨመረው፦ 150

ድምር 675 ካሎሪ። አንድ እርምጃ ሦስት ጊዜ ተቆጥሯል ማለት ነው። እኔ በወረቀት ሳሰላው ደግሞ 160 ገደማ መጣ። (እንዴት እንዳሰላሁት ከታች አሳያችኋለሁ።)

አፑ ታዲያ ምን አደረገ? "ዛሬ 675 ካሎሪ ጨምረሽ መብላት ትችያለሽ" አላቸው። እሳቸውም አመኑት። ከጂም ሲወጡ ስኳር የተጨመረበት አንድ ብርጭቆ የአቮካዶ ጁስ፣ አንዳንዴም ዳቦ። ልዩነቱን አስቡት፦ በቀን 515 ካሎሪ፣ በሳምንት አምስት ቀን ሲሆን ከ2,500 በላይ። ሰውነታቸው ምንም አልበደለም፤ ሰነፍም አይደሉም። የተሳሳተው ሒሳቡ ነው።

እስቲ አንድ በአንድ እንየው።

1. ሦስቱም የየራሳቸውን ነው የሚያውቁት

ማሽኑ፦ ከእግራችሁ ስር ያለው ቤልት በምን ፍጥነት እንደሚዞር፣ ዳገቱ ስንት እንደሆነና ስንት ደቂቃ እንደቆያችሁ ያውቃል። ክብደታችሁን ካልነገራችሁት ግን አያውቅም፤ ፋብሪካው ያስገባለትን የሆነ ሰው ክብደት ይዞ ነው የሚያሰላው። መደገፊያውን ይዛችሁ እንደሆነም አያውቅም።

ሰዓቱ፦ ከጀርባው በሚያበራው አረንጓዴ መብራት የልብ ምታችሁን ይቆጥራል፤ በእጃችሁ መወዛወዝ ደግሞ እርምጃችሁን። ትሬድሚል ላይ ቦታ ስለማትቀይሩ ጂፒኤስ አይጠቅመውም። ማሽኑን ዳገት ላይ እንዳደረጋችሁትም አይታየውም፤ የሚያየው የልባችሁን ምት መጨመር ብቻ ነው።

አፑ፦ በራሱ የሚያውቀው ነገር የለም። ከዚህም ከዚያም የተላከለትን መደመር ነው ሥራው። ሦስት ቦታ ከተላከለት ሦስቱንም ሊደምር ይችላል።

ሰዓቱ ምን ያህል ይታመናል? በፈረንጆቹ 2017 የአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እጅ ላይ የሚታሰሩ 7 መሣሪያዎችን በ60 ሰዎች ላይ ፈትነው ነበር። የልብ ምት በመቁጠር ከሰባቱ ስድስቱ ጎበዞች ነበሩ፤ ስህተታቸው ከ5 በመቶ በታች ነው። ካሎሪ ላይ ሲደርሱ ግን ከሁሉ የተሻለው እንኳ በአማካይ 27 በመቶ ተሳስቷል፤ የመጨረሻው ደግሞ 93 በመቶ። ከዚያ ወዲህ ሰዓቶቹ ተሻሽለዋል፤ ካሎሪው ግን ዛሬም ግምት ነው። ስለዚህ ሰዓታችሁን ደቂቃና የልብ ምት ጠይቁት፤ ስለ ካሎሪ ሲነግራችሁ ግን በልኩ እመኑት።

2. "ጠቅላላ" እና "ተጨማሪ" ካሎሪ

ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። ሰውነታችን ሶፋ ላይ ተቀምጠን ቴሌቪዥን ስናይም ካሎሪ ያቃጥላል። ልብ ይመታል፣ ሳንባ ይተነፍሳል፣ አንጎል ይሠራል። ብዙ ማሽኖች የሚያሳዩት ይህንንም ጨምረው ጠቅላላውን ነው።

የታካሚዬን እንውሰድ። 80 ኪሎ ሰው በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ፍጥነት፣ ያለ ዳገት ለ40 ደቂቃ ሲራመድ ጠቅላላው 216 ካሎሪ ገደማ ነው። ከዚህ ውስጥ 56ቱ ቁጭ ብለው ቢውሉም የሚቃጠል ነበር። በእርምጃው ምክንያት የተጨመረው 160 ነው።

አፑ መጀመሪያ ስትመዘገቡ ዕድሜ፣ ቁመትና ክብደት ጠይቋችሁ የቀን በጀት ሰጥቷችሁ የለ? ያ 56 እዚያ በጀት ውስጥ ቀድሞ ገብቷል። 216ን ስትመዘግቡ ሁለተኛ ጊዜ ቆጠራችሁት ማለት ነው።

ሌላም አለ። ስትመዘገቡ "የዕለት እንቅስቃሴዎ ምን ያህል ነው?" ሲላችሁ ስፖርታችሁን አስባችሁ "አክቲቭ" ብላችሁ ከሆነ፣ በጀቱ ራሱ ለዚያ ስፖርት ተብሎ ከፍ ብሏል። ከዚያ ላይ በየቀኑ ትሬድሚሉን ስትመዘግቡ እንደገና ተደመረ። ቢሮ ተቀምጣችሁ የምትውሉ ከሆነ ዝቅተኛውን ምረጡና ስፖርቱን ለብቻው መዝግቡ።

3. በስልካችሁ ካልኩሌተር የምትሠሩት ስሌት

ይህ የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ ለዓመታት ከሚጠቀምበት ቀመር የተወሰደ ነው፤ ለእናንተ እንዲመች አሳጥሬዋለሁ። የሚሰጣችሁ በእንቅስቃሴው ምክንያት የተጨመረውን ካሎሪ ብቻ ነው።

✔ ለእርምጃ (በሰዓት እስከ 6 ኪሎ ሜትር)፦ ክብደት በኪሎ × የሄዳችሁት ኪሎ ሜትር ÷ 2
ምሳሌ፦ 80 × 4 ÷ 2 = 160

✔ ለሩጫ (በሰዓት ከ8 ኪሎ ሜትር ጀምሮ)፦ ክብደት በኪሎ × የሮጣችሁት ኪሎ ሜትር
ምሳሌ፦ 70 ኪሎ የሆነ ሰው 5 ኪሎ ሜትር ቢሮጥ 350

በ6 እና በ8 መሀል የምትሄዱ ከሆነ መልሱ በሁለቱ መሀል ነው።

✔ ዳገት፦ ማሽኑ ላይ "ኢንክላይን" የሚለው ነው። በእርምጃ ጊዜ እያንዳንዱ 1 በመቶ ዳገት 18 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ታካሚዬ ያንኑ 4 ኪሎ ሜትር በ5 በመቶ ዳገት ቢሄዱት 160ው ወደ 300 ይደርሳል። ጉልበታችሁ ሩጫ የማይወድ ከሆነ ዳገት ጥሩ አማራጭ ነው። በሩጫ ጊዜ ግን ጭማሪው ያነሰ ነው፤ በአንድ በመቶ ከ4 እስከ 5 በመቶ ቢሆን ነው።

ይህም ቢሆን ግምት ነው፤ ሰው ከሰው ይለያያል። ጥቅሙ በየቀኑ በአንድ ዓይነት ሚዛን መለካታችሁ ነው። የማሽኑ ወይም የሰዓቱ ቁጥር ከዚህ ስሌት በጣም ከራቀ አንድ ነገር ተሳስቷል ማለት ነውና ፈልጉት።

4. መደገፊያውን ልቀቁት!

ጂም ስገባ በብዛት የማየው ይህን ነው። ዳገቱን 10 ላይ ያደርጉታል፣ ከዚያ የፊቱን መያዣ ጨምድደው ይዘው ወደ ኋላ ተንጠልጥለው ይሄዳሉ። ላብ አለ፣ ስክሪኑ ላይ ትልቅ ቁጥር አለ። ግን ክብደታችሁን እጃችሁ ስለተሸከመው ለእግራችሁ ዳገቱ ቀልሎታል። ማሽኑ ይህን ስለማያውቅ ሙሉውን ይቆጥርላችኋል። ሰዓቱ ደግሞ እጃችሁ ስለማይወዛወዝ እርምጃችሁን ይዘላል። አንዱ አብዝቶ፣ ሌላው አሳንሶ ይነግራችኋል፤ ሁለቱም ትክክል አይደሉም።

ሳትይዙ መሄድ ካቃታችሁ ፍጥነቱን ወይም ዳገቱን ቀንሱ። የሚዛን ችግር ያለባችሁና በዕድሜ የገፋችሁ ግን ያዙ፤ መውደቅ ከካሎሪ ስህተት ይከፋል። የያዛችሁበትን ቀን ዳገቱን ሳትደምሩ መዝግቡ፣ በቃ።

5. በትክክል ለመመዝገብ ምን ላድርግ?

ከመጀመራችሁ በፊት፦

• ክብደታችሁን በወር አንዴ ተመዝናችሁ በሰዓቱም፣ በአፑም፣ በማሽኑም አስተካክሉ። የዛሬ ዓመት 90 የነበራችሁ አሁን 80 ከሆናችሁ፣ አፑ እስካሁን ለ90 ኪሎ ሰው ነው የሚያሰላው።

• ማሽኑ የሚለካው በኪሎ ነው ወይስ በፓውንድ? በኪሎ ሜትር ነው ወይስ በማይል? ከአሜሪካ የመጡ ማሽኖች ላይ ይህን አረጋግጡ። 80 ኪሎ ማለት 176 ፓውንድ ነው። ፓውንድ ለሚጠብቅ ማሽን 80 ብላችሁ ከነገራችሁት የ36 ኪሎ ልጅ አድርጎ ይቆጥራችኋል። ማይሉም እንዲሁ ነው፤ አንድ ማይል 1.6 ኪሎ ሜትር ነው። ስክሪኑ 3.7 እያለ እያለከለካችሁ ከሆነ ምናልባት ማይል ይሆናል፤ በኪሎ ሜትር 6 ገደማ ማለት ነው።

• ሰዓቱ ላይ "ኢንዶር ዎክ"፣ "ኢንዶር ራን" ወይም "ትሬድሚል" የሚለውን ምረጡ። የውጪውን ከመረጣችሁ ጂፒኤስ ሲፈልግ ይቆይና ርቀቱን ያበላሸዋል።

• ሰዓቱን ከእጅ አንጓችሁ አጥንት አንድ ጣት ያህል ከፍ አድርጋችሁ፣ እንዳይንሸራተት እሰሩት። ከላላ የልብ ምቱን በደንብ አያነበውም።

• ሰዓታችሁን የእርምጃችሁን ርዝመት አስተምሩት። አፕል ዎች ያላችሁ ሜዳ ላይ፣ ጂፒኤስ በደንብ በሚሠራበት ቦታ 20 ደቂቃ ያህል "አውትዶር ዎክ" አድርጉ፤ ጂም ውስጥ የሚገምተው ይሻሻላል። አንዳንድ የጋርሚን ሰዓቶች ደግሞ የትሬድሚል ልምምድ ስትጨርሱ ማሽኑ ያሳየውን ርቀት አስገብታችሁ እንድታርሙ ይፈቅዳሉ።

እየሠራችሁ ሳለ፦

• ስልካችሁን ማሽኑ ላይ አስቀምጣችሁ ስልኩ እርምጃ እንዲቆጥር አትጠብቁ። እሱ ተኝቷል፣ የምትሄዱት እናንተ ናችሁ።

• በተቻለ መጠን ሁልጊዜ አንድ ማሽን ተጠቀሙ። ትንሽ ቢሳሳት እንኳ በየቀኑ እኩል ስለሚሳሳት ለውጣችሁን ታያላችሁ።

ስትጨርሱ፦

• "ስቶፕ" ከመጫናችሁ በፊት የማሽኑን ስክሪን ፎቶ አንሱ። ደቂቃ፣ ኪሎ ሜትርና ዳገት ይበቃል። አንዳንዱ ማሽን ሲቆም ሁሉንም ያጠፋዋል።

• መብራት ሄዶ ቢመጣ ማሽኑ ከዜሮ ይጀምራል። ያን ጊዜ በሰዓታችሁ ደቂቃ ተማመኑና ርቀቱን ከምትሄዱበት ፍጥነት አስሉት፤ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ማለት በ10 ደቂቃ 1 ኪሎ ሜትር ነው።

• ርቀቱ ላይ ማሽኑና ሰዓቱ ካልተስማሙ፣ ማሽኑ አሮጌና የሚንቀጠቀጥ ካልሆነ በስተቀር የማሽኑን ውሰዱ። እሱ የቤልቱን ዙር ነው የሚለካው፤ ሰዓቱ ግን ከእጃችሁ እንቅስቃሴ ይገምታል።

• በመጨረሻም ዋናው፦ ወደ አፑ የሚገባው መስመር አንድ ብቻ ይሁን። ሰዓታችሁ በራሱ የሚልክ ከሆነ በእጃችሁ አትጻፉ። በእጃችሁ የምትጽፉ ከሆነ የሰዓቱን መላኪያ አጥፉት። የአፑን ሴቲንግ ከፍታችሁ እርምጃ ከየት እንደሚቀበል እዩ፤ ከስልክም ከሰዓትም የሚቀበል ከሆነ አንዱን ዝጉ። በማግስቱ መዝገቡን ከፍታችሁ ያው ስፖርት ሁለት ቦታ አለመጻፉን አረጋግጡ።

6. አፑ "ብላ" ሲላችሁ

እንደ ማይፊትነስፓል ያሉ አፖች በስፖርት ያቃጠላችሁትን ካሎሪ የቀን በጀታችሁ ላይ ይደምሩላችኋል። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፤ ችግሩ የሚደመረው ቁጥር በአብዛኛው የተጋነነ መሆኑ ነው። በሌላ በኩል የምንበላውን ደግሞ አሳንሰን እንመዘግባለን። ወጡ ውስጥ የገባውን ዘይት ማን ይቆጥረዋል? አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ካሎሪ ገደማ ነው። አንድ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ 130 አካባቢ። የታካሚዬ 160 ካሎሪ፣ ያ ሁሉ የ40 ደቂቃ ላብ፣ ከአንድ ለስላሳና ከሁለት ማንኪያ ስኳር ጋር እኩል ነው።

ይህን የምለው ተስፋ ላስቆርጣችሁ አይደለም። ስፖርት ለምግብ ፈቃድ መግዣ እንዳይሆንባችሁ ነው። ኪሎ ለመቀነስ የምትሠሩ ከሆነ ስፖርቱን መዝግቡ፤ ግን እንደ ተጨማሪ ምግብ አትቁጠሩት። በጣም ከራባችሁ ከስሌታችሁ ግማሹን ያህል ጨምሩ። በአንዳንድ አፖች ላይ ይህን መደመር ከሴቲንግ ማጥፋት ይቻላል።

ደግሞም የትሬድሚል ጥቅም ካሎሪ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። ድርጅቱ የሚቆጥረው ደቂቃ ነው፣ ካሎሪ አይደለም። ኪሎአችሁ ባይቀንስ እንኳ የደም ግፊታችሁ፣ ስኳራችሁ፣ እንቅልፋችሁና ልባችሁ ከዚያ ደቂቃ ይጠቀማሉ።

7. እነዚህ ሰዎች ልዩ ጥንቃቄ ያድርጉ

• ለግፊት ወይም ለልብ እንደ አቴኖሎል፣ ሜቶፕሮሎል፣ ቢሶፕሮሎል፣ ፕሮፕራኖሎል ያሉ መድኃኒቶችን የምትወስዱ፦ መድኃኒቱ የልብ ምታችሁን ዝቅ ያደርገዋል። ሰዓቱ "ገና አልሠራህም" ሊላችሁ ይችላል። እሱን አምናችሁ ፍጥነት አትጨምሩ። በንግግር ለኩት፦ እየተራመዳችሁ ማውራት ከቻላችሁ፣ መዝፈን ግን ካቃታችሁ መካከለኛው ልክ ላይ ናችሁ። ማውራትም ካቃታችሁ ቀንሱ።

• ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ኪኒን የምትወስዱ የስኳር ሕመምተኞች፦ "ስፖርቱን እንደ ምግብ አትቁጠሩት" ያልኩት እናንተን አይመለከትም። ከመጀመራችሁ በፊት ስኳራችሁን ተለኩ። ከ90 በታች ከሆነ አንድ ነገር ቀምሳችሁ ጀምሩ። ከረሜላ ወይም ስኳር ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር። ማላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት ከመጣ ወዲያው አቁሙና ስኳሩን ውሰዱ። ምግብና መድኃኒታችሁን ከሐኪማችሁ ጋር ሳትነጋገሩ አትቀንሱ።

• ደረት ላይ መጫን፣ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ ራስ መሳት የሚመስል ስሜት ከመጣ ማሽኑን አቁሙና ሕክምና ሂዱ። ሰዓቱ "የልብ ምትህ ደህና ነው" ቢልም አትጠብቁ።

• ቁጥሩ ካልሞላ እንቅልፍ የማይወስዳችሁ፣ የበላችሁትን ለማካካስ በሌሊት ተነስታችሁ የምትሮጡ ካላችሁ፦ መቁጠሩን ለጊዜው ተዉት፣ ከሐኪም ጋርም ተነጋገሩ። ያም ሕክምና የሚያስፈልገው ነገር ነው።

ታካሚዬስ?

እዚያው ክሊኒክ ቁጭ ብለን የአፑን መላኪያዎች ዘጋን፤ ሰዓቱን ብቻ ተውንላቸው። የስፖርት ካሎሪው ምግባቸው ላይ እንዳይደመር አደረግን። ትንሽ ደብተር ያዙ፦ ቀን፣ ደቂቃ፣ ኪሎ ሜትር፣ ዳገት። ጁሱ በሳምንት አንድ ቀን ሆነ፣ ያለ ስኳር። ስፖርቱ ግን ያው ነው፤ አንድም ደቂቃ አልጨመርንም።

ከሁለት ወር በኋላ 77 ኪሎ ሆነው መጡ። ስኳራቸው 108። ገና ይቀረናል፤ ግን መንገዱ ተስተካክሏል። "ዶክተር፣ ልተወው ነበር እኮ!" አሉኝ እየሳቁ። እኔን ያስደነገጠኝም እሱ ነው። ለሦስት ወር በትጋት የሠሩ ሰው፣ ስልክ ላይ ባለ የተሳሳተ ድምር ምክንያት ጤናቸውን የሚጠብቀውን ነገር ሊተዉት ነበር።

እናንተም ዛሬ ማታ አፓችሁን ክፈቱና የትናንቱን ትሬድሚል ስንት ቦታ እንደተመዘገበ እዩ። ከአንድ በላይ ካገኛችሁ የማይቀንሰው ኪሎ ምክንያቱ አንዱ እሱ ሊሆን ይችላል።

ጂም የሚሄድ ጓደኛ ወይም ቤተሰብ ካላችሁ ሼር አድርጉላቸው።

ጤናችሁ ይብዛ!